ከኩባንያው ሰው ጋር በነጠላዬ የታሰርኩ ዕለት

መኪናው ቢቸና የገባ ዕለት ከተማው ሙሽራ የሚቀበል ነበር የሚመስለው። ለገበሬ ማህበራችን አዲስ የጭነት መኪና ተፈቅዶለት፣ ባሌ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከኩባንያው ተረክቦ፣ ዓባይን ተሻግሮ ይዞት መጣ። ጥሩምባውን ከሩቅ ሲያስጮኸው እኔ ሽሮ እየነፋሁ ነበር፤ ወንፊቱን ጥዬ፣ ዱቄቱ ፊቴ ላይ እንዳለ ሮጥኩ። በኋላ ሰው ሁሉ «መኪናውን አይታ ነጣች» እያለ ሲያሾፍብኝ ከረመ።

አቤት ማማሩ! አዲስ ነገር እኮ ሽታውም ሌላ ነው። ወንበሩ ላይ ላስቲኩ እንዳለ ነው፤ በጎን መስታወቱ ነጠላዬን አስተካከልኩበት። ሽማግሌዎቹ እንደ ገበያ በሬ ዙሪያውን እየዞሩ ጎኑን መታ መታ ያደርጉታል። አንዱማ ጥርሱን ሊያይ ነው መሰለኝ ጎንበስ ብሎ ከፊት ለፊቱ ብረት ስር ጭንቅላቱን አስገባ።

እኔ ታዲያ ዝም ብዬ ልቆም? የሾፌር ሚስት ነኝ፤ የሙሽራው ሚዜ ማለት እኔ አደለሁ? ቤት ሮጬ ለጋ ቅቤ በቅል አመጣሁና አናቱን ለቅለቅ አደረግሁለት። ግንባሩን ቀባሁ፤ የመብራቶቹን ቅንድብ ቀባሁ፤ ከዚያ የሙሽራ እግር ይረሳል እንዴ ብዬ የጎማዎቹን እምብርት ዞሬ ዞሬ ቀባሁ። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት።

«አንቺ ሴት ተይ! ብረት እኮ ነው!» አለኝ ባሌ።

«ብረትም ቢሆን ከሰው አገር የመጣ እንግዳ ነው። ይልመደን።»

ሳቀና ተወኝ። ከዚያ ወዲያ በዓል በመጣ ቁጥር እቀባዋለሁ። ለፋሲካ ቀባሁት፣ ለጊዮርጊስ ቀባሁት፣ በዓል ባይሆንም ሲያምረኝ ቀባሁት። አቧራው በቅቤው ላይ፣ ቅቤው በአቧራው ላይ እየተነባበረ የጎማው እምብርት የድፎ ዳቦ ቅርፊት መሰለ። ባሌ በጨርቅ ሊጠርግ ሲሞክር እጁን መታ እያደረግሁ አባርረው ነበር።

አንድ ቀን መኪናውን እያጠበ ነው። «ይሄ መኪና እኮ ዋስ አለው» አለኝ።

«የምን ዋስ?»

«ፋብሪካው ነዋ። ዓመት ሳይሞላው፣ እኛ ሳናጠፋ ቢሰበር ፋብሪካው ነው የሚጠግነው። ዋስትና ሰጥተውናል።»

«ፋብሪካው የት ነው ያለው?»

«ባሕር ማዶ።»

«እኔን! ዋስ ባሕር ማዶ ተቀምጦ ማን ሄዶ ይጠራዋል?»

«አዲስ አበባ ኩባንያው አለ። እሱ ነው ስለፋብሪካው የሚመጣው።»

«ዋሱም ዋስ ጠራ በለኛ!» ብዬ ሳቅሁበት። ነገር አያልቅብኝም፤ እናቴም ትለኝ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ባሌ የማህበሩን እህል ጭኖ ሞጣ ሄደ። ሄዶ ቀረ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ይዘገያል ብዬ ተኛሁ፤ ነጋ፣ መሸ፣ ሳምንት አለፈ። ከዚያ አንድ የጨው ነጋዴ ከሞጣ ሲመለስ ቤቴ ጎራ አለ። ገና ቆቡን ሲያወልቅ ነገር እንዳለ አወቅሁ።

«እህቴ፣ መኪናው ሞጣ መግቢያው ላይ የኋላ ጎማው ጮኾ ጮኾ፣ ጨሶ፣ አልዞርም ብሎ ቦይ ውስጥ ተጋድሟል። ሰው ግን አልተጎዳም።»

«ተመስገን! ባሌሳ?»

«ባልሽ ቀበሌ ነው ያለው።»

«ስብሰባ ነው?»

«ኧረ ተዘግቶበት ነው። አሻጥረኛ ነው ብለው ጠርጥረውታል።»

የዚያን ዘመን ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል። የሕዝብ ንብረት ሆን ብሎ አበላሸ ማለት ነው። ሌባ ቢባል ይሻለው ነበር፤ ሌባ ይፈታል። አሻጥረኛ የተባለ ወደ ደብረ ማርቆስ ይወሰዳል፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄድና ይጠፋል።

ተነሳሁ። ድርቆሽና በሶ ቋጠርኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። አልቅሼ ልሄድ ነበር ያሰብኩት፤ ግን አፌ አላስችል አለኝ። አጠገቤ ለተቀመጡት ቄስ ነገርኳቸው፣ እሳቸው ለኋላው ነገሩ፣ ደብረ ወርቅ ስንደርስ አውቶቡሱ በሙሉ ነገሬን ያውቅ ነበር። ግማሹ ጠበቃ፣ ግማሹ ዳኛ ሆኖ እየተጨቃጨቀ ሞጣ ገባን።

ሞጣ አክስቴ አለች፤ ጠላ ትሸጣለች፣ ለመንገደኛም ክፍል ታከራያለች። ገና በሩን ስገፋ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝና «ዝም! የኩባንያው ሰው እዚሁ ነው ያደረው» አለችኝ።

ሁሉን እሷ ነች ያጫወተችኝ። ሰውዬው መኪናውን እንዲያይ ከአዲስ አበባ ተልኮ መጥቷል። ወደ መኪናው ወሰዱት። ጭቃው ጫማውን እንዳይነካው በጣቱ ጫፍ ጫፍ እየረገጠ ጠጋ አለ፤ የጎማውን እምብርት በጣቱ ነካ፤ አሸተተ።

«ቅቤ!» አለ።

ጣቱን በመሐረብ ጠረገና ፈረደ። ጎማው የሚዞርበት ብረት ውስጥ ጥቁር ቅባት ይገባል፣ ግራሶ ይሉታል። ሾፌሩ ግራሶውን አውጥቶ ቅቤ ሞልቶበታል፣ ስለዚህ ነው የተቃጠለው፣ ዋስትናው ፈርሷል፣ ፋብሪካውን አያገባውም አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ይሄን ሲሰማ «እንግዲያ የሾፌሩ አሻጥር ነው» አለ። በቃ። ነገ ጠዋት ሰውዬው በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ፣ ባሌ በሚሊሻ ወደ ደብረ ማርቆስ።

«እስቲ አንቺ፣ ለመኪና ቅቤ የሚቀባ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች አክስቴ።

«ሴት ናታ» አልኳት። «የእህትሽ ልጅ።»

አፏን በእጇ ያዘች። ቀጥሎ ግን ሆዷን ይዛ ስትስቅ እኔም ሳቅሁ። እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ።

ቀበሌው ሄድኩ። ባሌን የዘጉበት የማዳበሪያ መጋዘን ነው። ሚሊሻው ጥሩ ሰው ነበር፣ በመስኮቱ እንድናወራ ፈቀደልኝ። ባሌ ጺሙ አድጎ ባሕታዊ መስሎ ብቅ አለ።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?» አለኝ መጀመሪያ። ወንድ ልጅ ሆዱ ይቀድማል።

«ድርቆሽ።»

«ቅቤ ነክቶታል?»

«ትንሽ።»

«ወይኔ ሴትዮ! እዚህ ያስገባኝ እኮ ቅቤ ነው!»

ሁለታችንም ፈገግ አልን፤ ግን ዓይኑ ፈርቶ ነበር። ያንን ዓይን አይቼበት አላውቅም። ወደ መስኮቱ ተጠጋና ዝቅ ባለ ድምፅ «ስሚኝ» አለኝ። «ያን ጎማ እኔ ከፍቼው አላውቅም። ዋስትና እያለ እንዳትነኩት ስለተባልን እጄን አላስገባሁበትም። ሰውዬው ሳይፈታው ነው የፈረደብኝ። አንድ ጊዜ ይፍታው። ፈትቶት ቅቤ ውስጡ ካገኘ የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

«አፍህን ዝጋ። ድርቆሹን ብላ።»

ከዚያ ሊቀመንበሩ ዘንድ ገባሁ። ቅቤውን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ለበዓል ነው፣ ከላይ ከላይ ነው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ለመኪና?»

«አዎ፣ ለመኪና።»

«ጓዲት፣ ይሄን እኔ ለበላይ አካል ሪፖርት ባደርግ እኔንም ከባልሽ ጋር ይዘጉብኛል። እኔ መካኒክ አደለሁም። የኩባንያው ሰው አሻጥር ነው ካለ ነው፤ አደለም ካለ አደለም። ሂጂና እሱን ጠይቂ።»

እንዲያ በለኝ! ነገሩ አንድ ሰው አፍ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ጠዋት ሰውዬው አክስቴ ቤት እንቁላል ፍርፍር ይበላል። ደህና ልብስ የለበሰ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ቀበቶው እንደ መስታወት የሚያበራ። ከእኔ ቢበልጥ ትንሽ ነው፤ ግን አክብሬ፣ እጅ ነስቼ «ጌታዬ፣ የሾፌሩ ሚስት ነኝ። እባክዎ ጎማውን ፈትተው ይዩልኝ» አልኩት።

«አይቻለሁ።»

«አሽትተዋል እንጂ አላዩም።»

«ሽታው በቂ ነው እህቴ። ቅቤ ቅቤ ይሸታል።»

«እርስዎም እንዲያ ከሆነ ጠላ ጠላ ይሸታሉ፤ ጠላ ቤት ነው ያደሩት። ሰክረዋል ልበል?»

ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዋንጫውን አስቀምጦ ሳቀ። ሰውዬው አልሳቀም። ሰዓቱን አየ፣ መሐረቡን አጠፈ። «መኪና የሚያነሳ ክሪክ የለም፣ ጭቃ ነው፣ አውቶቡሱ ሊሄድብኝ ነው። አዝናለሁ» ብሎ ሻንጣውን አንስቶ ወጣ።

ተከተልኩት። እስከ አውቶቡሱ ድረስ ለመንኩት፤ በጊዮርጊስ አልኩት፣ በእናትዎ አልኩት። ወደ ኋላም አልዞረ። ሻንጣውን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሰቀሉለት፤ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገ።

ያኔ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ከጎረቤቱ ጋር በበሬ ተካሰሰ። በዚያን ጊዜ የተካሰሰ ሰው እንዳይጠፋፋ የአንዱ ጋቢ ከሌላው ጋቢ ጫፍ ለጫፍ ይታሰርና አብረው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። ቁራኛ ይባላል። ዳኛው እስኪፈርድ አይፈታም፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። አባቴና ጎረቤቱ ታስረው ቢቸና ወረዱ። ሲመለሱ ተፈትተዋል፣ ግን ለምደውት ጎን ለጎን እየተራመዱ ነው የመጡት። አባቴ ደግሞ ይል ነበር፦ ከሁሉ የሚታሰረው ዋስ ነው። ዋስ ሆኖ ተጠርቶ የሚሸሽ ሰው፣ እሱን እሰረው።

ዋስ አደል ታዲያ ይሄ ሰው? ጠራነው፣ መጣ፣ ሳያየን ሊሄድ ነው።

«በህግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ።

ኧረ እንዴት እንደጮህኩ! ይህችን ቃል የሰማ የአገሬ ሰው ባለበት ይቆማል፤ ከአባቱ የወረሰው ነው። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ዕቃ የሚያስረው ገመዱን እንደያዘ ቆመ። ዶሮ የያዘችው ሴት ቆመች። ሰውዬውም፣ ምን ነክቶት እንደሁ፣ አንድ እግሩ ደረጃው ላይ፣ አንድ እግሩ ሞጣ ላይ እንዳለ ደርቆ ቆመ።

ስትቆም አገኘሁህ! የነጠላዬን ጫፍ በቀበቶው ስር አሾልኬ፣ ጥጃ እንደሚታሰር አድርጌ ጥርቅም አድርጌ ቋጠርኩት። ሌላው ጫፍ የእኔ ወገብ ላይ ነው። ኮቱን አልያዝኩም፤ ኮት አውልቆ ይሄዳል። አውቶቡስ ተራ መሐል ሱሪውን አውልቆ የሚሄድ ወንድ ግን አልተወለደም።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ሴትዮ?»

«ቁራኛ ይዤሃለሁ። ዋስ ነህ፤ ጎማውን ሳትፈታ አትሄድም።» አንቱታው ከቋጠሮው ጋር ቀረ።

«ፍቺኝ!»

«ጎማውን ፍታው፣ እፈታሃለሁ።»

አንድ ሽማግሌ ከሕዝቡ መሐል «እሰይ! ቁራኛ! ዕድሜ የሰጠው ምን የማያየው አለ!» ብለው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አንኳኩ። ሴቶቹ ደግሞ እልል! እንደ ሰርግ። የአውቶቡሱ ሾፌር በመስኮት ብቅ ብሎ «ጌታዬ፣ አንድ ቲኬት ነው ወይስ ለባለቤትዎም ይጨምራሉ?» አለው። ሰውዬው ፊቱ በርበሬ መሰለ። ቋጠሮውን ሊፈታ ሞከረ፤ ጥፍሩ አጭር ነው፣ እኔ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ያሰርኩትን በሬም አይፈታው። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ሻንጣውን ከላይ ወረወሩልን፣ አውቶቡሱ ሄደ፣ እኛ ቀረን።

ቁራኛ የታሰረ ወደ ዳኛ ነው የሚሄደው፤ ዳኛ ስለሌለ ወደ ሊቀመንበሩ ሄድን። ሕዝቡ ከኋላችን። ሰውዬው በፍጥነት ሲሄድ እኔ እጎተታለሁ፣ እኔ ስቆም እሱ ይቆማል። «ቀስ በል እንጂ፣ ትዳር እንዲህ አደለም» ስለው በጥርሱ መሐል አንድ ነገር አጉረመረመ። የአዲስ አበባ ስድብ ነው መሰለኝ፣ አልገባኝም።

ሊቀመንበሩ ብድግ አለ። «ጓዲት! ይሄ የፊውዳል ልማድ ነው! አብዮቱ አጥፍቶታል!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ስሕተት ከሆነ እኔንም ከባሌ ጋር ይዝጉብኝ። ግን በስብሰባ ላይ በጭፍን አይፈረድም ብለው ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይሄ ሰው ሳያይ ፈርዷል።» እውነቱን ለመናገር ስብሰባውን አልሰማሁትም፤ ሊቀመንበር ሁሉ ግን እንዲህ ሳይል አይቀርም።

ሊቀመንበሩ ወደ ደጁ ሕዝብ አየ፣ ወደ ቋጠሮው አየ። ከንፈሩ ሊስቅ ሲል ነከሰው። «ጓድ፣» አለው ለሰውዬው፣ «አውቶቡሱም ሄዷል። ለምን አትፈታውም?»

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። ለካ ዓይኑ የደግ ሰው ነው! ወንበሩ ላይ ዘጭ ሲል እኔም አጠገቡ ዘጭ አልኩ፤ ነጠላው አጭር ነው።

«አያቴ ዳኛ ነበሩ» አለ። «ቁራኛ እያሉ ሲያወሩልን ተረት ይመስለኝ ነበር። እሺ። እፈታዋለሁ። ግን ውስጡ ቅቤ ባገኝስ?»

«ካገኘህ አንድ ገንቦ የሞጣ ማር ውርርድ እገባልሃለሁ፣ ባሌም ይሂድ፣ እኔም ልከተለው። ካላገኘህ አንተ በራስህ አፍ እዚህ በር ላይ ቆመህ፣ ሕዝቡ እየሰማ፣ የፋብሪካው ጥፋት ነው ትላለህ። እወቅበት፣ አፍህን አሟሽተህ ና።»

«እሺ።»

ባሌ አልከፈትኩም ብሏል፤ ባሌን አምናለሁ። ግን ያን ሁሉ ቅቤ ፀሐይ አቅልጦት ወደ ውስጥ ገብቶስ ቢሆን? ይሄን ለማንም አልተነፈስኩም።

የመንገድ ሥራ ካምፕ ሄደው ትልቅ ክሪክ ተዋሱ። እስኪመጣ አክስቴ ምሳ አቀረበች፤ ቁራኛ ከአንድ ትሪ ነው የሚበላ። አልበላም አለ። አጎረስኩት። ሁለተኛውን ራሱ ጎረሰ፣ ሦስተኛውን ለእኔ አጎረሰኝ።

ከዚያ ወደ ቦዩ። ወጣቶቹ «ሆ!» እያሉ መኪናውን በክሪክ አነሱት። ሰውዬው ኮቱን አውልቆ ለአክስቴ ሰጠ፣ እጅጌውን ሰበሰበ።

«አሁን ፍቺኝ፤ ስሩ ልገባ ነው።»

«እኔም እገባለሁ።»

«ጭቃ ነው!»

«ጭቃ ከማን አገር መጣ?»

ሁለታችንም በሆዳችን ገባን። ከላያችን ያ ሁሉ ብረት፣ ከስራችን ጭቃ፣ ዙሪያችንን የሞጣ ሰው እግር ብቻ ይታያል። ጎማውን አወለቁልን። ሰውዬው ጨርቅ ይዞ ያን የእኔን የድፎ ቅርፊት መላጥ ጀመረ። አቧራና ቅቤ፣ አቧራና ቅቤ፣ የፋሲካው፣ የጊዮርጊሱ። ሲላጥ ሲላጥ ከስሩ አንድ ቀይ ነገር ብቅ አለ።

እጁ ቆመ።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

ክዳኑን ያሰረውን ሌላ ቡሎን ጠረገ። ቀይ። ሌላውን ጠረገ። ቀይ።

«ፋብሪካው የቀባው ምልክት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ቡሎኑ አንድ ጊዜ ከተፈታ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ይሄ አልተሰነጠቀም። ይሄን ክዳን ማንም ከፍቶት አያውቅም።» ዞር ብሎ አየኝ። «በዚህ መንገድ ላይ ጠጠሩና ጭቃው ገና ድሮ ያጠፋው ነበር። ቅቤሽ ነው ሸፍኖ ያቆየው።»

«እልልልል!» አልኩ መኪናው ስር። ጭንቅላቴ ከብረቱ ጋር ተጋጨ፤ ማን ግድ አለው!

«ቆይ፣ ገና ነው» አለኝ። እሱም ግን ድምፁ ተቀይሯል። ቡሎኖቹን እየታገለ ፈታ፣ ክዳኑን ነቀለ፣ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። አወጣና አየ። አሸተተ። ጣቱን ወደ አፍንጫዬ አመጣልኝ።

«ቅቤ ይሸታል?»

«የተቃጠለ ብረት ነው የሚሸት።»

«ቅቤ የለም። ግራሶም የለም። ምንም የለም! ሲገጥሙት ረስተውታል፤ ቅባት ሳያስገቡ ነው የዘጉት! ይሄ ብረት ከተወለደ ጀምሮ ጾም ላይ ነው!» እየጮኸ ነው እኮ! ያ መሐረብ አጣፊ፣ ግንባሩ ጭቃ፣ ጥፍሩ ጥላሸት ሆኖ ሕፃን ነው የመሰለው። «ከላይ ፊቱን ቅቤ ትቀቢያለሽ፣ ውስጡ ሁዳዴ ነው! ኧረ ቅቤው ገብቶለት በነበረ! ቢያንስ እዚህ ድረስ ባልተቃጠለ!»

«አላልኩህም? እግር አይረሳም አላልኩም?»

ከመኪናው ስር ስንወጣ ሕዝቡ ሁለታችንንም ለይቶ አላወቀን። ሰውዬው መኪናው ዙሪያ የተጠራቀመውን ሕዝብ እየገፋ ወደ ቀበሌው ሮጠ፣ እኔም ሮጥኩ፤ ባልሮጥስ ምን ምርጫ አለኝ? የቀበሌው በር ላይ ቆመና ድምፁን ከፍ አድርጎ «የፋብሪካው ጥፋት ነው! ሾፌሩ ምንም አላደረገም! ዋስትናው አልፈረሰም!» አለ። ሊቀመንበሩ ሰምቻለሁ ሲል «አልሰሙም ይሆናል» አልኩና ደግሞ አስባልኩት። ሦስተኛውን ሕዝቡ አብሮት አለው።

ሚሊሻው ሳይታዘዝ ነው መጋዘኑን የከፈተው። ባሌ ብርሃኑ ዓይኑን ወግቶት በእጁ እየከለለ ወጣ። አየኝ። ከእግር እስከ ራሴ ጭቃ። ከዚያ ዓይኑ በነጠላዬ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና የሌላ ሰው ወገብ ላይ አረፈ።

«ይሄ ማነው?»

«ቁራኛዬ ነው።»

«አንድ ሳምንት ብታሰር!» አለ ባሌ። ከዚያ ጉንጩ ሲርገበገብ አየሁት፤ ማልቀስም መሳቅም አማረው። ጭቃዬን ሳይፈራ አቅፎ ያዘኝ። ቁራኛው ምን ያድርግ፣ መሐላችን ቆመ።

አሁን መፍታት መጣ። ቋጠሮው ረጥቦ፣ ተጎትቶ፣ ጭቃ ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል። እኔ ሞከርኩ፣ አክስቴ በጥርሷ ሞከረች፣ ሰውዬው ተስፋ ቆረጠ። መጨረሻ ባሌ ከመኪናው ፒንሳ አመጣና ሰውዬው ወገብ ስር ተንበርክኮ ሲታገል ቆየ፤ «አጥብቀሽ ነው ያሰርሽው» እያለ ያጉረመርማል። ፈታው። የነጠላዬ ጫፍ ግን ተተልትሎ ቀረ።

የተቃጠለው ብረት ምትክ ከአዲስ አበባ መምጣት ነበረበት። ሌላ ሰው ይልካሉ ብለን ስንጠብቅ ያው ሰው ራሱ ይዞት መጣ። ኮት የለም፣ መነጽር የለም፣ የሥራ ቱታ ለብሷል። ከባሌ ጋር ሆነው ብረቱን ቀየሩ፣ ግራሶ እስኪተርፍ ጠቀጠቁበት። ሌሎቹንም ጎማዎች አንድ በአንድ ከፍቶ አየልን፤ ማንም ሳያስረው።

ጨርሶ እጁን ሲጠርግ ዞር ዞር አለና «የታል?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ቅቤው ነዋ። እንዲህ ሆኖ ይሄዳል?»

ከአክስቴ ጓዳ ቅል ሙሉ አመጣሁ። «ከግንባሩ ብቻ!» አለኝ ጣቱን እያወዛወዘ፤ «ጎማ አትነኪም። ማይልኝ።»

«ማርያምን፣ ጎማ አልነካም!»

ግንባሩን ቀባሁ፣ የመብራቶቹን ቅንድብ ቀባሁ። እጄ ላይ የተረፈ አለ። ቅቤ አይደፋ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ የዕቃ ሳጥኑን ሲዘጋ፣ ያ የተበጠረ ጸጉሩ ከፊቴ ነው። ጎማ አልነካም አልኩ እንጂ ሌላ ምንም አልማልኩም።

መሐል አናቱ ላይ ሙሉ እጅ አሳረፍኩለት።

ባሌ ሞተሩን አስነስቶ ጥሩምባውን ነፋ። ሰውዬው መሐል ላይ ተቀምጦ፣ ቅቤው በጆሮው እየወረደ፣ መስታወቱ ላይ ራሱን እያየ ሲስቅ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ ሳቀ። እኔ ያን የተተለተለ ነጠላዬን ለብሼ አጠገቡ ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን ሳንተሳሰር ነው የሄድነው።